መቶ አሥራ አምስተኛው ቤት

ኦቦ ቱፋ የሰፈራችን እድር ለፋፊ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ የጭላሎ ተራራ ጉሙን ገና ሳይገፍፍ፣ ጥሩምባቸውን ጋቢያቸው ሥር ይዘው ከበር በር እየዞሩ ማን እንዳረፈ፣ ማን እንደታመመ፣ ድንኳን ለመትከል ተረኛው ማን እንደሆነ የሚነግሩን እሳቸው ነበሩ። እኔ ሽኩር እባላለሁ። አሰላ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለኝ፤ የእድሩም ጸሐፊ ነኝ። የኦቦ ቱፋን ታሪክ መጻፍ የሚገባው ሌላ ሰው ነበር። ግን ሌላው ሰው ነገሩን ሁሉ አያውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ፤ ባላውቀውም በወደድኩ።

ቁመታቸው አጠር ያለ፣ እርምጃቸው ግን ረጅም ነበር። የጎማ ቦት ጫማቸው ከሰኔ እስከ መስከረም ከእግራቸው አይወልቅም። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ከድልድዩ ወዲያ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ቢሊሱማ ትባላለች፣ ኦጎልቾ ነው ያገባችው። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። የእድርተኛውን ቤት ግን አንድ በአንድ በልባቸው ይዘውታል፤ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም፣ በግቢ በር የሚገባውንም በጓሮ የሚገባውንም።

እሳቸውን ያላየ ሰው ለፋፊ ማለት ጥሩምባ ነፍቶ የሚያልፍ ሰው ይመስለዋል። ኦቦ ቱፋ ከውስጥ «ሰምቻለሁ» የሚል ድምፅ ካልመጣላቸው ከበር አይነቃነቁም ነበር። ዝናብ ቢወርድም፣ ውርጭ ቢሆንም ይቆማሉ። መልስ ሲያጡ በመስኮት አጮልቀው ያያሉ፤ ካልታያቸው ጎረቤት ይጠይቃሉ። እትዬ ጥሩሰው ክረምት ላይ ቤት ዘግተው ያቀጣጠሉት ከሰል አፍኗቸው ራሳቸውን ስተው የተገኙት እንዲህ ባለ ጠዋት ነው። ኦቦ ቱፋ የሄዱት የሌላ ሰው መርዶ ሊናገሩ ነበር። መልስ ስላጡ በሩን ገንጥለው ገቡ። ዛሬ እትዬ ጥሩሰው በሕይወት አሉ።

እኔ ደግሞ ነገር ሲንቀራፈፍ ትዕግሥት የለኝም። ይሄ ተፈጥሮዬ ነው፤ ሚስቴ አሚራ «አንተ ሻይ እስኪፈላ እንኳ ትቆጣለህ» ትለኛለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ ላይ ኦቦ ቱፋ ድልድዩ አጠገብ አዳልጧቸው ወድቀው ጉልበታቸው አበጠ፤ በላይኛው መንገድ ያሉት ሠላሳ ቤቶች መርዶ ሳይሰሙ ቀብሩ አለቀ። የሟች ቤተሰብ ተቀየመ። በስብሰባው ላይ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ፦ በዚህ ዘመን ሰው በጭቃ እየወደቀ መልእክት የሚያደርስበት ምክንያት የለም፤ ሥራውን ለእኔ ተዉልኝ አልኩ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ረዳት ያኔ ስልኬ ላይ ነበር። በአማርኛ ትነግረዋለህ፣ ይገባዋል። ለዚህ ሁሉ ሰው ይህን መልእክት ላክ ስትለው ይልካል፤ በየሳምንቱ አድርገው ስትለው በየሳምንቱ ያደርገዋል። የእድርተኛውን ስም ማስገባት ብቻ ነበር የቀረኝ። የእድሩ መዝገብ አሮጌና የተደለዘ ስለነበር ኦቦ ቱፋን ሱቄ ጠርቼ አስቀመጥኳቸው።

«ከድልድዩ ጀምር» አሉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው መንገዱን በሐሳባቸው መሄድ ጀመሩ። «የከሊፋ ቤት። ቀጥሎ የጋሽ ኃይለየሱስ፤ ውሻ አለ፣ ከአጥር ውጪ ሆነህ ተጣራ። የእትዬ ጥሩሰው፤ ቀስ ብለህ አንኳኳ፣ ልባቸው ደካማ ነው። የሐቢብ፤ እሱ እንቅልፋም ነው፣ መስኮቱን ምታው…»

«ኦቦ፣ ስሙን ብቻ ይንገሩኝ። ውሻና መስኮት ስልኩ ምን ያደርግለታል?» አልኳቸው።

«ኤዬ፣ እሺ» አሉና ስሙን ብቻ መጥራት ቀጠሉ። መጥራት ሲጨርሱ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ዳገት እንደ ወጣ ሰው ተንፍሰው «አለቀ» አሉኝ። ቆጠርኩት፤ መቶ አሥራ አራት ቤት። የራሳቸውን ቤት አልጠሩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መንገዱ የሚያልቀው ከሳቸው ቤት በፊት ባለው በር ላይ ነው፤ የራሳቸውን በር አንኳኩተው አያውቁም። እሳቸው ቢዘሉት አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ጸሐፊ ነኝ፤ ማስተዋል ነበረብኝ።

ሥራው መጀመሪያ ላይ አዋረደኝ። መብራት በጠፋና ስልኬ በተዘጋ ቁጥር መልእክቱ ሳይላክ ይቀራል። ከዚያ ሥራውን ከስልኬ አውጥቼ ሌት ተቀን በማይዘጋ የኢንተርኔት ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ አደረግኩት። ቀጥሎ ጳጉሜ መጣች። «ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ስብሰባ ጥራ» ብዬው ስለነበር ጳጉሜንም እንደ ወር ቆጥሮ ሰዉን ጠራልኝ። ሃያ የሚሆን ሰው በዚያ ዝናብ መጥቶ ዝግ በር ሲጠብቀው ስድቡ ለእኔ ሆነ። አስተካከልኩት። መልእክት ላክሁ ብሎ እንዳይቀመጥም አስተማርኩት፤ ይልካል፣ መልስ ይጠብቃል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ ካጣ ደግሞ ይልካል፣ አሁንም ካጣ ለእኔ ይነግረኛል። ይህን ከማን እንደተማርኩት ያኔ አልታየኝም።

ከሁሉ የኮራሁበት የእሁዱ ነበር። በየእሁዱ ለየቤቱ «በቤታችሁ የታመመ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የሌለበት አንድ ቁጥርን፣ ያለበት ሁለት ቁጥርን ይልካል። የታመመ ካለ ረዳቱ ሁለት ተረኛ መድቦ «ዛሬ የእርስዎ ተራ ነው፤ ሄደው ይጠይቁ» ይላቸዋል። መቶ አሥራ አራቱን ቤት ሁለት ሁለት አድርጌ አምሳ ሰባት ጥንድ ሠራሁ። ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሪፖርቱን ያነብልኛል፦ «መቶ አሥራ አራት ቤት ሁሉም መልሰዋል። ያልተጠየቀ ታማሚ የለም።» ከኢተያ ድረስ የሌላ እድር ሰዎች መጥተው አይተውታል። ደረቴን ነፍቼ አስጎበኘኋቸው።

መስከረም ላይ ኦቦ ቱፋን በክብር አሰናበትን። ብርድ ልብስ ሸለምናቸው፤ የምስጋና ወረቀት ሰጠናቸው፤ ወረቀቱን ያተምኩት እኔው ነኝ። ጥሩምባው ከድንኳኑና ከትልልቆቹ ድስቶች ጋር እድሩ ዕቃ ቤት ተሰቀለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኃይለየሱስ «ከእንግዲህ ይረፉ» ብለው ሲያቅፏቸው ኦቦ ቱፋ ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ጥሩምባው ላይ ነበር።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ጠዋት ሱቄ መጡ።

«ያ ሽኩር፣ የከሊፋ እናት ተቀበሩ አሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ነው የሰማሁት። ከሊፋን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ደነገጥኩ። ዝርዝሩን አየሁት፤ የኦቦ ቱፋ ስም የለበትም።

«ለኔም ይንገረኝ እንጂ» አሉና በፌስታል የጠቀለሏትን ባለ ቁልፍ ስልካቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ቁጥሩን አንተ ታውቀዋለህ።»

«በሞቴ ኦቦ፣ ነገውኑ አስገባዎታለሁ» አልኳቸው።

«ገለቶማ» ብለው አመሰገኑኝ፤ ስልካቸውን መልሰው ጠቅልለው ሄዱ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ለእኔ ግን ቀላል አልነበረም፤ ወይም ቀላል አልመሰለኝም። መቶ አሥራ አራት ለሁለት ይካፈላል፣ መቶ አሥራ አምስት አይካፈልም። እሳቸውን ካስገባሁ ያ ያማረ የጥንድ ተራዬ ይፈርሳል፤ ሁሉንም እንደገና መደልደልና መፈተን ነበረብኝ። ስለዚህ ረዳቱን «ነገ ጠዋት አስታውሰኝ፤ ኦቦ ቱፋን መዝግብ» አልኩት። በማግሥቱ በሰዓቱ አስታወሰኝ። «ነገ» አልኩት። አስታወሰኝ። «ሰኞ» አልኩት። ሰኞ አስታወሰኝ። አንድም ቀን አላሳለፈም። አንዳንዴ ሱቁ ሰው ሞልቶ ሳለ ጮክ ብሎ «ኦቦ ቱፋን መዝግብ» ሲል ያናድደኝ ነበር። አሥራ አንደኛው ጊዜ ላይ የአንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እያተምኩ ቀለም አልቆብኝ ነበር።

«ተፈጽሟል በለው!» አልኩት።

«እሺ፤ ተፈጽሟል ብዬ መዝግቤያለሁ» አለና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ኦቦ ቱፋ አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም። ዝምታው እንዴት ደስ እንዳለኝ አስታውሳለሁ፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

ኦቦ ቱፋ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቀሩ። በእኛ ሰፈር ለቅሶ የቀረ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል። ኅዳር ላይ አንዱን ቀሩ፣ ጥር ላይ ሌላውን ቀሩ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። «ጥሩምባውን ስለነጠቅናቸው አኩርፈዋል» ተባለ። በየካቲቱ ስብሰባ ላይ ጋሽ ኃይለየሱስ ራሳቸው «ተዉ፣ ሽማግሌ ሲያኮርፍ ጊዜ ይሰጠዋል» አሉ። እኔ ማስታወሻ እየያዝኩ ነበር። እጄን አውጥቼ «አላኮረፉም፤ ያልነገርናቸው እኛ ነን» ማለት እችል ነበር። ከነከነኝ፤ ግን አጀንዳው ረጅም ነበርና ዝም አልኩ። ዝም ማለት አንድ ጊዜ ከተጀመረ ለማቆም ያስቸግራል። አንድ ቀን ከአስፋልቱ ማዶ አይተውኝ እጃቸውን አንሥተው ሰላም አሉኝ። እኔ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ የማወራ መሰልኩ።

ሐምሌ ገባ። ያ የአሰላ ዝናብ ሳምንቱን ሙሉ ሳያባራ ሲወርድ፣ አሚራ ልብስ እያጠፈች ድንገት ጠየቀችኝ።

«ኦቦ ቱፋን ካየኋቸው ከረመ። ደህና ናቸው?»

ቀና ሳልል መለስኩላት። «ቢታመሙ ሰኞ ሪፖርት ላይ ይወጣ ነበር።»

ተመለከተችኝ። «እኔ እኮ የጠየቅኩህ አንተን ነው» አለች። እኔም ሥራ አለብኝ ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ረዳቱ አነበበልኝ፦ «መቶ አሥራ አራት ቤት ሁሉም መልሰዋል። ያልተጠየቀ ታማሚ የለም።»

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ቢሊሱማ ከኦጎልቾ መጣች። ለአባቷ ሦስት ቀን ብትደውል ስልኩ አይነሣም። በሩን አስከፍታ ስትገባ ጩኸቷ ድልድዩን ተሻግሮ ተሰማ። እኔም ከሱቄ ሮጬ ደረስኩ። ኦቦ ቱፋ የሸለምናቸውን ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል። ጉንጫቸው ገብቷል፤ ትንፋሻቸው ይንኮራኮራል። አጠገባቸው ያለው ጀሪካን ባዶ ነው። ባለ ቁልፍ ስልካቸው ባትሪው አልቆ ትራሳቸው ላይ ተቀምጣለች። ተሸክመን በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። የሳንባ ምች ነው ተባልን፤ ሐኪሙ የቻለውን እንደሚያደርግ ነገረን፤ «ከሳምንት በፊት ቢመጡ ኖሮ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

ሆስፒታሉ በር ላይ አጥር የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ሀሊሜ ደረቷን እየደቃች ታለቅስ ነበር። «ሲያስሉ ሰምቻለሁ» አለች። «በሩ ዝግ መሆኑንም አይቻለሁ። ግን ስልኬ ተራሽ ነው አላለኝም። ተረኞቹ ይመጣሉ፣ የሰው ተራ አልቀማም ብዬ… ድሮ እኮ ተራ ሳንጠብቅ ነበር የምንሄደው!»

እውነቷን ነው። ድሮ ኦቦ ቱፋ «እገሌ ታሟል» ሲሉ የሰማ ሁሉ ይሄዳል። እኔ ተራ ካበጀሁ ወዲህ ሰው ሁሉ ስልኩ እስኪነግረው ይቀመጣል። ያን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያን የሠራሁበትን ቀን እንደ በዓል ነበር ያከበርኩት።

ጋሽ ኃይለየሱስ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ሽኩር፣ ይሄ መሣሪያህ እንዴት ረሳቸው?»

ጋሽ ኃይለየሱስ መልሱን አዘጋጅተው ነው የጠየቁኝ፤ እኔ አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «መሣሪያ ነው ጋሼ፤ አንዳንዴ ይሳሳታል» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ማምሻውን ሰፈሩ ሁሉ መሣሪያውን ይረግም ነበር። እኔን ያጽናኑኝም ነበሩ፤ «አንተ ምን ታደርግ» አሉኝ።

ቅዳሜ ኦቦ ቱፋ ትንሽ ተሻላቸው። ቢሊሱማ ሾርባ ልትገዛ ስትወጣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጄን ፈልገው ያዙኝ፤ እጃቸው ይፋጃል።

«ያ ሽኩር፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እኔ እኮ ሥራ የለቀቀ ሰው አይጠራም ብዬ ነበር ዝም ያልኩት። ደግሜ ልጠይቅህ አፈርኩ።»

«አይደለም ኦቦ፣ እንዲያ አይበሉ። መሣሪያው ነው የረሳዎት።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ስሜን ነግረኸው ነበር?»

ጥያቄው ይሄ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። እውነቱን ብናገር የሚሰማኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አዎ» አልኳቸው። «ነግሬው ነበር።»

ትከሻቸው ወደ ትራሱ ሲወርድ አየሁ። «አልሀምዱሊላህ» አሉ። «እንግዲህ አንተ አልረሳኸኝም። መሣሪያውን አልቀየምም።» ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው እጄን እንደያዙ አንቀላፉ። እጄን ማስለቀቅ አቃተኝ። ቢሊሱማ ተመልሳ ስታየኝ ለአባቷ ያዘንኩ መስሏት «አላህ ያክብርህ» አለችኝ።

ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወጣሁ። እሁድ ጠያቂ በዝቶ አልተመቸኝም አልኩ። ሰኞ ማለዳ፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ቢሊሱማ ደወለችልኝ። ኦቦ ቱፋ በፈጅር፣ በንጋቱ ሶላት ሰዓት ዐርፈዋል። ቀብሩ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ሆነ።

ጋሽ ኃይለየሱስ ወዲያው ደውለው «መልእክቱን አስላክ» አሉኝ። ሱቄን ከፍቼ ረዳቱን «የእድርተኛችን የኦቦ ቱፋን መርዶ አዘጋጅ» አልኩት። እሱም በዚያ በማይለወጥ ትሑት ድምፁ መለሰልኝ፦

«በዚህ ስም የተመዘገበ ቤት የለም። በዚህ ስም አንድ የተዘጋ ተግባር አለ፤ ኦቦ ቱፋን መዝግብ። አሥራ አንድ ጊዜ አስታውሼዎት፣ ኅዳር ዘጠኝ ቀን ተፈጽሟል ብለውኛል። እንደገና ልክፈተው?»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ጎርፉ በአስፋልቱ ዳር ሲወርድ ይሰማኛል። አልወቀሰኝም፤ ያልኩትን ነው የመለሰልኝ። ሰፈሩ ሁሉ የሚረግመው እሱ አንዲት ቀን አልረሳም። እኔ ግን ዋሸሁት፤ ከዚያም በእሱ አሳበብኩ።

ቢሊሱማ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ነጠላዋ በዝናቡ ርሶ ፊቷ ላይ ተጣብቋል። የሰማችው ነገር የለም፤ ያኔውኑ ነበር የደረሰችው።

«ሽኩር፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለች። «አባቴ የሰፈሩን ሰው ሁሉ መርዶ በእግሩ ነው ያደረሰው። የሱን በስልክ አትላክ። ጥሩምባው ይነፋለት።»

«ማን ይነፋዋል?» አልኳት። እሷ ግን ለቀስተኛ ልትቀበል ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ነው።

ጥሩምባውን አውርጄ አቧራውን በሹራቤ ጠረግሁት። ድልድዩ ላይ ቆሜ ስነፋው የወጣው ድምፅ እንደታመመ ጥጃ ነበር። ከድልድዩ ጀመርኩ። የከሊፋ ቤት።

«ኦቦ ቱፋ ዐርፈዋል። ቀብሩ ከዙህር በኋላ ነው።»

«ኢናሊላሂ!» አለ ከሊፋ ራሱን ይዞ። «ያ የተረገመ መሣሪያ ገደላቸው።»

አሁንም አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ዝናቡ በአንገቴ ይገባል። ከበሩ ላይ ፈቀቅ ማለት አቃተኝ።

«መሣሪያው አይደለም» አልኩ። «መዝግበኝ ብለውኝ ነበር፣ ጥቅምት ላይ። እናትህን አልቀበርኩም ብለው አዝነው ነው የመጡት። አልመዘገብኳቸውም። ተፈጽሟል ብዬ ዘጋሁት።»

ከሊፋ አፉን ከፍቶ አየኝ። ድምፁ ተለውጦ «ሰምቻለሁ» አለና በሩን ዘጋው።

ጋሽ ኃይለየሱስ ቤት ከአጥር ውጪ ሆኜ መጣራቱን ረስቼ ገባሁ፤ ውሻው ሱሪዬን ቀደደው። ለእሳቸውም ያንኑ ነገርኳቸው። «ለእኔ እኮ መሣሪያው ነው ብለኸኝ ነበር» አሉ። «ዋሽቼዎት ነው ጋሼ» አልኩ። ውሻውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ከውስጥ ሆነው «ሰምቻለሁ» አሉኝ። የእትዬ ጥሩሰውን በር ቀስ ብዬ አንኳኳሁ። ነገሩን ስነግራቸው በሩ መቃን ላይ ተደግፈው አለቀሱ። «እኔን በር ገንጥለው አውጥተውኝ፣ እሳቸው በር ዘግተው ይሙቱ?» አሉ። አልረገሙኝም፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። የሐቢብን መስኮት መታሁ። ሀሊሜ ሰምታኝ ስታበቃ መሬት ላይ ተቀመጠች። አንዳንዱ በሩን በላዬ ላይ ጠረቀመው፤ ከበሩ ጀርባ «ሰምቻለሁ» እስኪል ግን ቆሜ ጠበቅሁ። አሚራ የራሳችንን በር ከፍታ አዳመጠችኝ፤ እሷም እንደ ሌላው ሰው «ሰምቻለሁ» አለችኝ።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ መቶ አሥራ አራቱ ቤት አለቀ። ኦቦ ቱፋ ቢሆኑ እዚህ ላይ ጥሩምባቸውን ጋቢያቸው ሥር አስገብተው ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር። እኔ ግን አንድ በር ቀረኝ።

ድንኳኑ እየተተከለ ነበር። በዚያ መሐል አልፌ የኦቦ ቱፋን በር አንኳኳሁ። ቢሊሱማ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ከፈተችልኝ። እስከ ጉልበቴ በጭቃ የተለወሰውን፣ የተቀደደ ሱሪዬንና ጥሩምባውን አይታ ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። ልታመሰግነኝ ነው አፏን የከፈተችው።

«ቆይ» አልኳት። «አባትሽ ስማቸውን ሰጥተውኝ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ተነገረኝ፤ አልጻፍኩትም። ቅዳሜ ሲጠይቁኝም ጽፌዋለሁ ብዬ ዋሸኋቸው። አልረሳኸኝም ብለው አመስግነውኝ ነው የሞቱት።»

የቢሊሱማ እንባ ቆመ። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች፤ ሴቶቹ መሐል ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። በሩ እንደተከፈተ ቀረ። ድንኳን ተካዮቹ «ሽኩር፣ ና ገመድ ያዝልን» እያሉ ይጠሩኛል። ዝናቡ አላባራም። «ሰምቻለሁ» አላለችኝምና ጥሩምባውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ።